ጉልበቴ «ቋ» ብሎ አበጠ፤ በፋሻ አስሬ ልጫወት?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። ቃላቱ ይለያያሉ፣ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ቋ ብሎ አበጠ። አሁን እብጠቱ ጎድሏል፣ መራመድም እችላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የክለብ ሙከራ አለኝ። በፋሻ አስሬ ብገባ ምን ችግር አለው?»

እዚሁ ጉለሌ ሕሙማን ሳይም የምሰማው ይሄንኑ ነው። ከሽሮ ሜዳ፣ ከቀጨኔ፣ ከአዲሱ ገበያ የሚመጡ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ መስመር ይዘው የሚሮጡ፣ አብዶ የሚሠሩ ፈጣን ልጆች። ጉዳታቸውን ከአሰልጣኝም ከቤተሰብም ደብቀው የሚመጡም አሉ።

አጭሩ መልስ፦ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እባካችሁ አትግቡ። ረጅሙን መልስ ደግሞ ብዙዎቻችሁ በምታውቁት ልጅ ታሪክ ላስረዳ።

ጌዲዮን ዘላለም

የአርሰናል ደጋፊዎች ስሙን አትረሱትም። ጌዲዮን እ.ኤ.አ. በጥር 1997 በጀርመን በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። በ9 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን አካባቢ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2013 አርሰናል ወሰደው። ጥር 2014 ላይ 17ኛ ልደቱ ሊደርስ 2 ቀን ሲቀረው በኤፍኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር በነበረው ጨዋታ ተቀይሮ ገባ። አርሰን ቬንገር አርሰናልን መያዝ ከጀመሩ በኋላ ተወልዶ ለዋናው ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በቻምፒየንስ ሊግ ከጋላታሳራይ ጋር ተጫወተ።

ለጀርመን የታዳጊ ብሔራዊ ቡድኖች ተሰልፏል፣ በኋላ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ለአሜሪካ ተጫወተ። እኛ ደግሞ «ለኢትዮጵያ ቢጫወት» እያልን ተመኘን። በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ፣ ቀጥሎም ወደ ሆላንዱ ቬንሎ ሄዶ፣ ሁለቱም ክለቦች እሱ በነበረባቸው ዓመታት ወደ ላይኛው ሊግ አደጉ።

ከዚያ ግንቦት 2017 መጣ። ደቡብ ኮሪያ ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ አሜሪካ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከኢኳዶር ጋር ስታደርግ፣ የ20 ዓመቱ ጌዲዮን ጉልበቱን ተጎዳ። ምርመራው የኤሲኤል መበጠስ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአርሰናል ወጥቶ ወደ ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ፣ በ2020 ደግሞ ወደ ኒውዮርክ ሲቲ ሄደ።

ልብ በሉ፣ «ጉልበቱ ባይጎዳ ኖሮ የአርሰናል ኮከብ ይሆን ነበር» እያልኩ አይደለም። ከጉዳቱ በፊትም በዚያ ቡድን ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያኔ በዙሪያው የቡድን ሐኪም፣ ኤምአርአይ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያና በየቀኑ የሚከታተለው ፊዚዮቴራፒስት ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ ይህ ጉዳት ከአንድ ተጫዋች ዕድሜ ብዙ ወራት ይወስዳል። ታዲያ ይሄ ሁሉ የሌለው የቀጨኔ ልጅ በአንድ ሳምንት፣ በፋሻ እንዴት ይመለሳል?

ለመሆኑ ኤሲኤል ምንድነው?

ጉልበት ማለት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከፊት የጉልበት ሎሚ ይሸፍነዋል። መሃል ላይ ሁለት ጠንካራ ጅማቶች እንደ መስቀል ተጠላልፈው አጥንቶቹን ያያይዛሉ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው ኤሲኤል የሚባለው።

ሥራው ሁለት ነው፦

👉 የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል።
👉 ስንዞር ጉልበታችን ከልክ በላይ እንዳይጠማዘዝ ያግዳል።

በሁለቱ አጥንቶች መሃል ደግሞ ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ልም አጥንቶች አሉ። እንደ መኪና ጎማ ንዝረት ይቀበላሉ። እነዚህን አትርሷቸው፣ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ለምን የመስመር ተጫዋቾች?

ጌዲዮን የአማካይ ተጫዋች ነው። ግን ይህ ጉዳት የሚደርስበትን መንገድ ለማየት ከመስመር አጥቂ የተሻለ ምሳሌ የለም። የመስመር አጥቂ ሥራ ምንድነው? በሙሉ ፍጥነት መሮጥ፣ በድንገት መቆም፣ ወደ ውስጥ መቁረጥ፣ ተከላካዩን ማታለል። ጅማቱ የሚፈተነው በትክክል እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ጉዳቱ በጥፋት የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ከ10 የኤሲኤል ጉዳቶች 7ቱ ገደማ የሚደርሱት ሌላ ተጫዋች ጉልበቱን ሳይነካው ነው። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ ሰውነት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ በቃ። በጭንቅላት ገጭቶ በአንድ እግር ማረፍም እንዲሁ ያደርጋል።

ጀርመናዊው የመስመር አጥቂ ሊሮይ ሳኔን አስታውሱ። ነሐሴ 4 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ማንቸስተር ሲቲ ከሊቨርፑል ጋር በዌምብሌይ ለኮሚዩኒቲ ሺልድ ሲጫወት፣ ገና በ13ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ወጣ። ኤሲኤሉ ተጎድቷል። ባየርን ሙኒክ ሊወስደው ይፈልግ ነበር፣ ዝውውሩ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ዘገየ። የሳኔን ታሪክ ጨርሼ አልነገርኳችሁም፣ እመለስበታለሁ።

ሜዳችንስ? አፈርና ጠጠር፣ ጎድጓዳ፣ አንዳንዴ ኮብልስቶን። ለሜዳው የማይስማማ ታኬታ እግርን መሬት ላይ ተክሎ ሊያስቀር ይችላል። ሳያሟሙቁ መግባት፣ ደክሞም መቀጠል አደጋውን ይጨምራል። ሴት ተጫዋቾች ደግሞ ከወንዶች 2 እጥፍና ከዚያ በላይ ለዚህ ጉዳት ይጋለጣሉ። ስለዚህ የሴቶች ቡድን የያዛችሁ አሰልጣኞች፣ ከታች የምጽፈው ስለ መከላከል ለእናንተ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በምን አውቃለሁ?

እነዚህ ምልክቶች ካሉ ኤሲኤልን ጠርጥሩ፦

1. በተጎዳበት ቅጽበት «ቋ» ወይም «ጧ» የሚል ድምፅ ወይም ስሜት።
2. ጨዋታውን መቀጠል አለመቻል።
3. በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚመጣ እብጠት። ፈጥኖ ካበጠ ብዙውን ጊዜ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ፈስሷል ማለት ነው። በማግስቱ ቀስ ብሎ የሚያብጥ ከሆነ ግን ሜኒስከስ ብቻ ሊሆን ይችላል።
4. ከሳምንታት በኋላ ህመሙ ጠፍቶ፣ ስትዞሩ ወይም ደረጃ ስትወርዱ ጉልበት «ከዳኝ» የሚል ስሜት።

አራተኛው ላይ ቆም በሉ። ብዙዎችን የሚያታልለው እሱ ነው። ቀጥ ብሎ ለመራመድ ኤሲኤል ብዙም አያስፈልግም። ስለዚህ ጅማቱ ተበጥሶም ሰው ቤቱ ይሄዳል፣ ሥራውን ይሠራል፣ «ድኛለሁ» ይላል። ሜዳ ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆርጥ ጉልበቱ ይከዳዋል። በከዳ ቁጥር አጥንቶቹ እየተንሸራተቱ ያንን ሜኒስከስ ይፈጩታል። በጅማት ብቻ የጀመረው ጉዳት የጅማትና የሜኒስከስ ይሆናል። የተፈጨ ሜኒስከስ እንደ ቁስል አይሽርም። ዋጋው ከዓመታት በኋላ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ነው፤ ገና ጎልማሳ ሳሉ የእንጦጦን ዳገት መውጣት የሚከብዳቸው የቀድሞ ተጫዋቾች አሉ።

በፋሻ ማሰር የተበጠሰ ጅማትን ሥራ አይሠራም። ፋሻ ቆዳን ይይዛል እንጂ አጥንትን አይዝም። የህመም ማስታገሻ መርፌ ተወግቶ መግባት ደግሞ የባሰ ነው፣ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል፣ አደጋውን ግን አይቀንስም።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

👉 ወዲያው ጨዋታ አቁሙ። «ልሞክረው» የለም።
👉 በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ15 እና ለ20 ደቂቃ፣ በቀን የተወሰነ ጊዜ አስቀምጡበት። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይሆናል።
👉 በላስቲክ ፋሻ ለዘብ አድርጋችሁ እሰሩ። ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ ፍቱት።
👉 ስትተኙ እግሩን ከትራስ በላይ ከፍ አድርጉ።
👉 መርገጥ ካስቸገረ ክራንች ተጠቀሙ።
👉 ለህመም ፓራሲታሞል ይበቃል። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

የማይደረገው፦ ማሸት፣ በሙቅ ውሃ መያዝ፣ አረቄ መቀባት፣ መጎተት።

ስለ ወጌሻ እዚህ ላይ በግልጽ ላውራ። ወጌሻዎችን አልንቅም። ብዙ ሠፈር ውስጥ ቀድሞ የሚገኝ ሰው ወጌሻ ነው፣ በቡድንም ውስጥ መጀመሪያ ሮጦ የሚገባው እሱ ነው። ግን የተበጠሰ ኤሲኤል ወለምታ አይደለም፣ በመታሸት አይገጠምም። እንዲያውም ገና የሚደማ ጉልበት ሲታሽ እብጠቱ ይብሳል። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም አቋርጦ እግር እስከማሳጣት እንደሚደርስ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የታየ ነው። ስለዚህ ለቡድን ወጌሻዎች የማስተላልፈው መልእክት አንድ ነው፦ ፈጥኖ ያበጠ ጉልበት ካያችሁ በረዶ አድርጉ፣ ወደ ሕክምና ላኩ። ያን ጊዜ ትልቅ ሥራ ሠርታችኋል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች፦

⚠️ 4 እርምጃ መራመድ አለመቻል
⚠️ ጉልበቱ ቅርጹን መቀየሩ
⚠️ እግሩ መቀዝቀዝ፣ መገርጣት ወይም መደንዘዝ
⚠️ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋም ማለቱ
⚠️ እብጠት ከትኩሳት ጋር

የት ልሂድ? ምን ይደረግልኛል?

መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጤና መድህን ካርድ ያላችሁ በተለይ፣ ከዚያ ሪፈር ይዛችሁ ብትሄዱ ነው የሚሻለው። እኛ ጉለሌ ያለን ሰዎች ጳውሎስ ሆስፒታልና በሥሩ ያለው አቤት ሆስፒታል ቅርባችን ናቸው።

ሐኪሙ ጉልበታችሁን ወደ 30 ዲግሪ ገደማ አጥፎ የቅልጥም አጥንቱን ወደ ፊት ይስባል። ላችማን የሚባል ምርመራ ነው። ምንም መሣሪያ አይፈልግም፣ በለመደ እጅ ብዙ ይናገራል። ጉልበቱ በጣም ባበጠ ጊዜ ሊያስቸግር ስለሚችል ከሳምንት እስከ 10 ቀን በኋላ ድጋሚ መታየት አስፈላጊ ነው። ራጅ አጥንት መሰበሩን ያሳያል እንጂ ጅማትን አያሳይም፤ ስለዚህ «ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለህም ተባልኩ» ማለት ኤሲኤል ደህና ነው ማለት አይደለም። ጅማቱንና ሜኒስከሱን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው።

ኦፕሬሽን ግዴታ ነው?

አይደለም፣ ለሁሉም ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የስዊድን ጥናት ኤሲኤላቸው የተበጠሰ 121 ንቁ ወጣቶችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቶሎ ኦፕሬሽን ሆኑ። ሌሎቹ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ ብቻ አድርገው፣ ጉልበታቸው ካልጸና ኦፕሬሽን እንዲሆኑ ተደረገ። ከ5 ዓመት በኋላ ከሁለተኛው ቡድን ግማሽ ያህሉ ኦፕሬሽን ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል፣ የሁለቱም ቡድኖች ውጤት ተቀራራቢ ነበር።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ከጤና ቡድን ጋር ኳስ የምትነኩ አባቶችና ወንድሞች፣ ወይም ሥራችሁ መዞርና መቁረጥ የማይጠይቅ ሰዎች፣ በጥሩ ፊዚዮቴራፒ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ጉልበቱ ደጋግሞ የሚከዳ፣ ሊጠገን የሚችል የሜኒስከስ ጉዳት አብሮ ያለበት፣ ወይም ወደ ውድድር ኳስ መመለስ የሚፈልግ ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ ኦፕሬሽን ይመከራል።

በኦፕሬሽኑ የተበጠሰው ጅማት አይሰፋም፣ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ከራሳችሁ ነው የሚወሰደው፣ ከኋላ ጭን ጅማት ወይም ከጉልበት ሎሚ ሥር ካለው ጅማት።

ለምን 9 ወር?

ከጽሑፉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄንን ያዙ።

የተተካው ጅማት ከቦታው ሲነሳ የደም ሥሩን አጥቶ ነው የሚመጣው። ሰውነት አዲስ የደም ሥር ይዘረጋለታል፣ አሮጌውን ክር አፍርሶ አዲስ ይሠራል። ሲፈርስ ይደክማል። ከኦፕሬሽን በኋላ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አዲሱ ጅማት ከተተከለበት ቀን ይልቅ ደካማ ነው። ታዲያ በዚያው ጊዜ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ህመሙ ይጠፋል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ልጁ «ድኛለሁ» ይላል። ስሜቱና እውነታው ተቃራኒ የሚሄዱበት ወቅት ነው። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ እስኪበስል ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኖርዌይ ጥናት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት የድጋሚ ጉዳትን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት ደግሞ ከ4ቱ አንዱ ገደማ ድጋሚ ይጎዳል፣ ወይ ያንኑ ጉልበት ወይ ሌላኛውን።

ወደ ሳኔ እንመለስ። ለሲቲ ዋና ቡድን የተመለሰው በሰኔ 2020 ነው፤ ከተጎዳ ወደ 10 ወር ተኩል በኋላ። በመሃል ኮሮና ውድድሩን ማቋረጡ አለበት፣ ግን ከመቋረጡ በፊትም ቢሆን ወደ ዋናው ቡድን አልተቻኮለም። ሐምሌ ላይ ለባየርን ፈረመ፣ የቡንደስሊጋ ዋንጫዎችን አነሳ፣ ለጀርመን ብሔራዊ ቡድን መጫወቱን ቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ጋላታሳራይ ሄደ። ፍጥነቱ የኖረው ሥራው ተሠርቶለት፣ ጊዜው ተጠብቆለት ነው።

ከኦፕሬሽን በኋላ ወደ ውድድር የሚመለሱት በአጠቃላይ ከግማሽ ትንሽ በለጥ ይላሉ። ከትልልቅ ፕሮፌሽናሎች ግን ከ10 ወደ 8 የሚሆኑት ይመለሳሉ። ጉልበታቸው ከኛ ልጆች ጉልበት የተለየ ሆኖ አይደለም። ቶሎ ይታወቅላቸዋል፣ በየቀኑ ይሠራሉ፣ የሚያግዳቸው ሰው አለ። ሦስቱንም ባይሆን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እኛም ሠፈር ውስጥ ማድረግ እንችላለን።

መመለሻዬን በምን ልለካ?

ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። እነዚህ ሁሉ መሟላት አለባቸው፦

✅ ቢያንስ 9 ወር
✅ ከልምምድ በኋላ እብጠት አለመኖር
✅ ጉልበት ሙሉ በሙሉ መዘርጋትና መታጠፍ
✅ የተጎዳው እግር የጭን ጡንቻ ጥንካሬ ከጤነኛው ቢያንስ 90%
✅ በአንድ እግር የመዝለል ርቀት ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90%
✅ ለመቁረጥ፣ ለመግጨት ፍርሃት አለመኖር

የዝላዩን ለመለካት ሜትርና ጠመኔ ይበቃል። በጤነኛው እግር 150 ሳንቲሜትር ከዘለላችሁ፣ በተጎዳው ቢያንስ 135 መድረስ አለባችሁ ማለት ነው። ግን ይሄን ፈተና ፊዚዮቴራፒስታችሁ ሳይፈቅድ በራሳችሁ አትሞክሩት። ጂም ለሌለው ሰው ደግሞ ደረጃ፣ ግድግዳ፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። ፊዚዮቴራፒስቱን ቢያንስ በወር አንዴ አግኝታችሁ የቤት ሥራ ተቀበሉ፣ ቀሪውን ቤት ሥሩ።

መከላከል ይቻላል፣ በ20 ደቂቃ

ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። 15 እንቅስቃሴዎች፣ 20 ደቂቃ ገደማ፦ መጀመሪያ ለስለስ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ልምምድ፣ መጨረሻ ላይ ፈጣን ሩጫና አቅጣጫ መቀየር። በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ሲሠራ ጉዳትን በሲሶና ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ በተለያዩ አገሮች ታይቷል። ኳስ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሌላ ዕቃ የለውም። ቪዲዮው በነፃ ይገኛል።

አሰልጣኞች፣ አንድ ነገር ደጋግማችሁ አስተምሩ፦ ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበት ታጥፎ፣ ከእግር ጣት አቅጣጫ ጋር እኩል ይሁን። ወደ ውስጥ አይታጠፍ። በሁለት እግር፣ በለስላሳው ማረፍ።

ለወላጆችና ለአሰልጣኞች አደራ

ልጅ ጉዳቱን የሚደብቀው ቦታውን እንዳያጣ ፈርቶ ነው። «ተጎድቻለሁ» ያለ ልጅ ሰነፍ ከተባለ፣ ወይም ከአሰላለፍ ወጥቶ ከተረሳ፣ የሚቀጥለው ልጅ አይናገርም። አሰልጣኝ «ስትድን ቦታህ ይጠብቅሃል» ቢለው ከማንኛውም ፋሻ የተሻለ ሕክምና ነው። ወላጆችም፣ «ኳስ ነው ያመጣብህ» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ጉልበቱን አይታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ሙከራ ላለህ ወንድሜም፦ ሙከራ በየዓመቱ ይመጣል። ሜኒስከስ ግን አንዴ ከተፈጨ አይመለስም። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ካርድ አውጣ፣ ጉልበትህን አሳይ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ እንጂ ሐኪማችሁን የሚተካ አይደለም። ኳስ የሚጫወት ልጅ፣ ወንድም፣ እህት ላላችሁ ሁሉ፣ ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!